የእማማ አልታዬ መቀነት እና ሁለት የትራክተር ጎማዎች

ሰፈራችን መጥታችሁ «ናሆም» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያውቀኝ ሰው አታገኙም። «ሳይለንት» ካላችሁ ግን ከምኒልክ አደባባይ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ድረስ እጃችሁን ይዞ ቤቴ የሚያደርሳችሁ አታጡም። ስሙን ያወጣልኝ አንድ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነው። «ይሄ ልጅ ስልክ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ጠፋብኝ ብሎ ሌላ ይገዛ ነበር» አለ፤ በዚያው ጸደቀ።

ነገሩ የደረሰብኝ ከሁለት ዓመት በፊት፣ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ከድልድዩ ከፍ ብላ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የውሃ ፓምፕ፣ የጁስ መፍጫና የልብስ ስፌት መኪና እጠግን ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። ያስተማረኝ አንድ መጽሐፍ ነው፤ እሱም የትራክተር መመሪያ ነው።

ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ኤምባሲ አትክልተኛ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ «ምን እንስጥዎት?» ቢሏቸው «ትራክተሬን» አሉ። ትራክተር ስል የእርሻውን እንዳታስቡ። ሣር የምታጭድ፣ ቁመቷ ከበቅሎ የማይበልጥ፣ አንድ ሰው ብቻ የምታስቀምጥ ቀይ ማሽን ናት። ፒያሳ ላይ ጋሽ ወርቁ የነበራቸው አትክልት በዘይት ጣሳ የተተከለ አንድ ጤና አዳም ስለነበር፣ ማጨጃውን ፈትተው አስቀመጡና ትራክተሯን ለእድራችን ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ብረት ድስቱን በተጎታች ጋሪ ስባ፣ የጭነት መኪና የማይገባበትን ዳገት የምትወጣው እሷ ናት። ሹፌሯም ጋሽ ወርቁ።

መመሪያውን ለእኔ የሰጡኝ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ነው። «አንተ ዝምተኛ ነህ፤ ዝምተኛ ሰው ያነባል» አሉኝ። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ በሳምንት አንድ ገጽ እያልኩ ጨረስኩት። ገጽ አርባ አንድ ላይ ስለ ጎማ ንፋስ የተጻፈውን ዛሬም በቃሌ ልነግራችሁ እችላለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ችግሩ የመጣው በኋላ ጎማዎቿ በኩል ነው። ጥርሳቸው አልቆ እንደ ጋሽ ወርቁ አናት ለስልሰው ነበር። (ይህን ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ እኔ አልደፍርም።) በክረምቱ አንድ ለቅሶ ላይ ዳገቱን እኩሌታ ከወጣች በኋላ ጎማው ተንሸራተተና ወደ ኋላ ተመለሰች። ሰው አልተጎዳም። ሁለቱ ብረት ድስቶች ግን ከጋሪው ወርደው ቁልቁል ተንከባለሉ፤ አንደኛው ጫማ ሲያስጠርግ የነበረ ሰውዬ ፊት ሄዶ ቆመ። ሰውዬው ቀና ብሎ «ተራህን ጠብቅ» አለው ይባላል።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ከድር ናቸው፤ ጨርቅ ነጋዴ፣ ቀጥ ያሉ ሰው። ድስቶቹ በተንከባለሉ በሳምንቱ፣ ረቡዕ ቀን፣ ኮሚቴውን ሰበሰቡና «ትራክተሯ ሰኞ ለቁራሌው ትሰጣለች» ብለው ወሰኑ። እኔ የእድር ቤቱን መብራት ልጠግን መሰላል ላይ ነበርኩና ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ጉባኤው ይወስን እንጂ» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«የቱ ጉባኤ ጋሽ ወርቁ? ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ እኮ ግማሹ ሰው ገላን ነው፣ ግማሹ የካ አባዶ። ስብሰባ ስጠራ አሥራ አንድ ሰው ይመጣል፤ ከነሱም ሦስቱ ለመተኛት ነው የሚመጡት። እስቲ መቶ ሰው ያምጡልኝና ጉባኤ ይወስን!»

«ጎማዋን ባስቀይራትስ?»

«ዳገቱን ሙሉ ጭነት ይዛ ስትወጣ ጉባኤው ካየ እኔም እጄን አወጣለሁ። ግን መጀመሪያ መቶ ሰው።»

ኮሚቴው ሳቀ። ጋሽ ወርቁ አልሳቁም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እኚህ ሰው ጠዋት ተነሥተው የሚለብሱት ለዚያች ትራክተር ነው፤ ዘይቷን ለማየት፣ አቧራዋን ለመጥረግ፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ለመጠራት። ከመሰላሉ ሥር መጥተው ወደ ላይ አዩኝ።

«ናሆም፣ ጎማ።»

በስሜ የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። «እሺ» አልኩ። ያን ቀን የተናገርኩት ቃል እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሐሙስ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። የጎማውን ቁጥር በወረቀት ይዣለሁ፤ ዐሥራ ስምንት፣ ዘጠኝ ተኩል፣ ስምንት። ቁመቱ፣ ስፋቱ፣ የቸርኬው ልክ ማለት ነው። አንዱ ነጋዴ የባጃጅ ጎማ አምጥቶ «ይሄው ስምንት» አለኝ። በሜትር ለካሁት፤ ቸርኬው ላይ ይገባል፣ ስፋቱ ግን ግማሽ ነው። ራሴን ነቀነቅሁ። ሌላው የአውሮፕላን ጎማ ነው ብሎ ማለልኝ፤ ቁጥሩን ሳይ የጋሪ ነው። አመሻሽ ላይ ግን ከአንድ ሱቅ በር ላይ ሁለት ደላሎች በሁለት ወፋፍራም ጎማዎች ላይ ተቀምጠው ጫት ሲቀነጥሱ አየሁ። ጎንበስ ብዬ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለውን ቁጥር አነበብኩ። ዐሥራ ስምንት፣ ዘጠኝ ተኩል፣ ስምንት።

«ምን ልታይ ነው እግሬ መሃል የምትገባው?» አለ አንደኛው።

ወረቀቴን አሳየሁት። ጎማዎቹ ጥርሳቸው አልተነካም፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ መቀመጫ ሆነው ኖረዋል። ደላሎቹ ሲነሡ ቤታቸው የፈረሰባቸው ያህል አዘኑ። እኔ ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ፤ በሰው ክብደት ብዛት ተጨፍልቀው ከንፈራቸው ተገጣጥሟል። የጎማ ከንፈር ሲገጣጠም ቸርኬውን አይነክስም፤ ቸርኬውን ካልነከሰ ደግሞ ንፋሱ በጎን ያመልጣል።

ዓርብ ከጋሽ ወርቁ ጋር የእድር ቤቱ ግቢ ውስጥ ሥራ ጀመርን። ክሪክ ገባ፣ ድንጋይ ተደገፈ። የቀኙ ቸርኬ በዝገት ብዛት ከዘንጉ ጋር አንድ ሆኖ ነበር። ነጭ ጋዝ እያጠጣን፣ በእንጨት እየመታን፣ እያረፍን እስከ ስምንት ሰዓት ቆየንና በመጨረሻ ፈቀደ። ጎማውን ካስገባሁ በኋላ እንደፈራሁት ንፋሱ በጎን አመለጠ። ለዚህ መድኃኒቱ በመመሪያው አለ፤ ጎማውን ዙሪያውን በገመድ ታስርና ገመዱን በዱላ ታጠነክረዋለህ። መሃሉ ሲጨመቅ ከንፈሩ ወደ ጎን ይወጣና ቸርኬውን ይነክሳል። በድንኳኑ ገመድ አሰርኩት፣ ሳሙና ቀባሁት፣ ከጎሚስታው በተዋስነው ኮምፕሬሰር ንፋስ ሰጠሁት። ጧ! አለና ቦታው ገባ። ገመዱም በዚያው ተበጠሰ።

ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጎማ ብቻ ቀረን። የግራው። ጋሽ ወርቁ ገመድ ፍለጋ ወደ ድልድዩ ወረዱ። እኔ ኮምፕሬሰሩን ስምንት ባር ንፋስ ሞልቼ፣ ሳሙናዬን በጥብጬ ብቻዬን ጠበቅሁ።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። እኔ እጄን አጣጥፌ መጠበቅ አልችልም።

ግድግዳው ላይ የእድሩ ጥሩምባ ተሰቅሏል። ከድሮ መኪና የተፈታ የናስ ክላክስ ነው። በፊት ከኋላው የሚጨመቅ የላስቲክ ፊኛ ነበረው፤ ፊኛው ከተቀደደ ወዲህ ጥሩምባ ነፊያችን ጋሽ ዘውዴ በአፋቸው ነው የሚነፉት። ውስጡ ቀጭን የናስ ምላስ አለች፤ ድምፁን የምታወጣው እሷ ናት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ድምፁ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ታፍኖ ነበር። አውርጄ ወደ ውስጥ ሳይ የሸረሪት ድርና አቧራ ሞልቶታል። ኮምፕሬሰሩ ሞልቷል። ጥሩምባው ቆሽሿል። «ሁለት ሰከንድ ብቻ» አልኩ ለራሴ፤ የኮምፕሬሰሩን የንፋስ ሽጉጥ ጫፍ ፊኛው ይገባበት በነበረው ቀዳዳ ሰካሁና ምላጩን ሳብኩ።

የማልረሳው ነገር፣ ጫፉ ልክ ገጥሞ መግባቱ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

አቧራው ወጣ። ምላጩ ግን አልተመለሰም፤ አሸዋ ገብቶበት ኖሮ ተነክሶ ቀረ። ጥሩምባው ጮኸ። ጋሽ ዘውዴ ሰው ሲሞት ሦስት ጊዜ ይነፋሉ፤ ሳንባቸው ከአራት ሰከንድ በላይ አይፈቅድላቸውም። ይሄኛው አላባራ አለ። ጫፉን ብስበው አልነቀል አለ። ጃኬቴን አውልቄ ሸፈንኩት፤ በጃኬት ውስጥ ሆኖ ጮኸ። እግሬ መሃል ጨመቅሁት፤ እኔንም ይዞኝ ተንቀጠቀጠ። ንፋሱ ሊያልቅ ነው ብዬ ተስፋ ሳደርግ፣ ኮምፕሬሰሩ መጉደሉን አውቆ በራሱ ተነሣና መሙላት ጀመረ። እየሞላ ይነፋል፣ እየነፋ ይሞላል። ዘልዬ ሄጄ ሶኬቱን ስነቅል በግምቴ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ሆኖታል። በዚያው ቅጽበት የምላጩ ብሎን ተፈናጥሮ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ምላጩም ተመለሰ።

ጥሩምባው ዝም አለ። ከዚያ የሰፈሩ በሮች ሲከፈቱ ሰማሁ።

መጀመሪያ የደረሱት ሻይ የሚሸጡት ወይዘሮ ጽጌ ናቸው። ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ገቡ።

«ማን ነው ሳይለንት? ማን ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ቃል አልወጣም።

እዚህ ላይ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አስታውሱ። በእኛ አገር መርዶ ነጋሪ «ሞተ» አይልም። ዝም ይላል፤ አንገቱን ይደፋል፤ የቀረውን ሰሚው ይጨርሰዋል። ወይዘሮ ጽጌ ፊቴን አዩና ድምፃቸው ተቀየረ።

«የዳገቷ እማማ አልታዬ ናቸው? ትናንት ወገቤን ሲሉ ነበር… እሳቸው ናቸው?»

አንገቴን ደፋሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብሎኗን እየፈለግሁ ነበር።

«ወይኔ አልታዬን! ወይኔ እናቴን!» ብለው ተመልሰው ወጡ። ተከትዬ ሄጄ «ቆይ» ማለት ነበረብኝ። «ቆይ» አንድ ቃል ናት። እኔ እሷን አዘጋጅቼ እስክጨርስ ጩኸቱ ዳገቱን ወጥቶ ነበር።

ቀጥለው ጋሽ ዘውዴ ደረሱ፤ ከላይኛው ከንፈራቸው ላይ የማኪያቶ አረፋ አለ።

«እኔ ማኪያቶዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ ጥሩምባዬ እዚህ ይጮኻል! ያለ እኔ ማን ነው የሞተው?»

ይህንንም ልመልስ ስል ከኋላቸው ሰባት ሰው ገባ፤ ከሰባቱ ኋላ ሃያ። የእድሩ ቴሌግራም ላይ ደግሞ አንዱ «እማማ አልታዬ አረፉ» ብሎ የሻማ ምስል ለጥፏል። ገላን ያለው ሰምቶ ታክሲ ያዘ፤ የካ አባዶ ያለው ጥቁር ልብሱን ፈለገ። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ከባቡር የወረደው፣ ከአራት ኪሎ በእግሩ የመጣው፣ ከሥራ አስፈቅዶ የወጣው ሁሉ ግቢውን ሞላው። ሲጨንቀኝ እቆጥራለሁ፤ መቶ ሠላሳ ሰባት ላይ ስደርስ አቆምኩ። «በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጥሩምባ ተነፋላቸው» ይላል አንዱ። «እኔ ገና ሲረዝም ነው ያወቅሁት፣ ትልቅ ሰው ነው አልኩ» ይላል ሌላው። እኔ ከትራክተሯ ኋላ ቁጢጥ ብዬ የሽጉጡን ምላጭ በነጭ ጋዝ እያጠብኩ ነበር። ዓለም ሲፈርስ የተበላሸውን መጠገን ብቻ ነው የማውቀው።

እንግዲህ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በከዘራ እየተደገፉ በጓሮ በር ገቡና አንድ ከገላን የመጣ ጎልማሳ አጠገብ ቆሙ። ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ።

«ማን ነው የሞተው ልጄ? በጓሮ መንገድ እያረፍኩ ስመጣ ማንንም አላገኘሁ።»

«እማማ አልታዬ» አለ ዞር ሳይል።

«ወይኔ! የቷ አልታዬ?»

«የዳገቷ ነዋ እማማ። ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩት።»

«ብቻቸውን? ድመቴስ?» አሉ እማማ አልታዬ።

ጎልማሳው ዞረ። ዓይኑ ነጭ ሆነና ወደ ኋላ ወደቀ፤ ሁለት ሰዎች ደግፈው አሮጌው ጎማ ላይ አስቀመጡት። ላይ ዳገቱ ላይ ሴቶቹ የእማማን የተዘጋ በር ከበው ያለቅሳሉ፤ ታች እማማ ውሃ ለሰውዬው ይለምናሉ። ነገሩ ሲገባቸው ከዘራቸውን አነሡ።

«እኔን ነው? እኔን ለመቅበር ነው ይሄ ሁሉ ሰው የቸኮለው? ሳመም አንድ ሰው እንኳ ብቅ አላለም!»

ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። ጋሽ ከድር አግዳሚ ላይ ወጥተው እጃቸውን አነሡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ጥሩምባውን ማን ነፋ? ዘውዴ!»

«በልጆቼ! እኔ ማኪያቶ ላይ ነበርኩ!»

«ጥሩምባው የአንተ፣ አፉ የአንተ። ከዛሬ ጀምሮ ይህንን ሥራ…»

ጋሽ ዘውዴ ሃያ ዓመት የነፉትን ጥሩምባ በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን ይዘውት ቆመዋል። ያን ሳይ ከትራክተሯ ኋላ ተነሣሁ። እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ። መቶ ሠላሳ ሰባት ሰው ዞሮ አየኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «ጋሽ ዘውዴ የሉበትም። ልጠርገው ብዬ ነው። ስምንት ባር ነበረው። ምላጩ ላይ አሸዋ ገባና ተነከሰ፤ ኮምፕሬሰሩ ሲጎድል በራሱ ይነሣል፤ ሶኬቱ ደግሞ በሩ ጋ ነበር። እማማ አልታዬ ሞቱ አላልኩም። ዝም ነው ያልኩት። ብሎን እያየሁ ነበር።» ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። «ይቺ ናት።»

ከኋላ አንድ የአራዳ ልጅ፣ «ኧረ ሳይለንት ሪንግ አደረገ!» አለ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እማማም ሳቁ። ጋሽ ከድር ግን አልሳቁም።

«ይኸው የዚች ትራክተር ጦስ! ሰኞ ድረስም አትቆይም፤ ዛሬውኑ ቁራሌው ይጠራልኝ።»

ጋሽ ወርቁን ያኔ ነው ያየኋቸው። ጥሩምባውን ሰምተው ገመዱን ትተው ሮጠው መጥተዋል። አንድ እግሯ ድንጋይ ላይ በቆመችው ትራክተራቸው መሪ ላይ እጃቸውን ጭነው ቆመዋል። አልተከራከሩም። ያ ነው ያስፈራኝ፤ እሳቸው ዝም ብለው አያውቁም፣ ዝምታ የእኔ ነበር።

«ቆይ አንተ ከድር» አሉ እማማ አልታዬ። «ረቡዕ ለት ወርቁን መቶ ሰው አምጣ ብለኸው አልነበረም? ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«ብያለሁ። ታዲያስ?»

«እኔ ሞቼ አመጣሁልህ። ቁጠራቸው!»

«መቶ ሠላሳ ሰባት ናቸው» አልኩ። አፌ አንዴ ተከፍቷል።

«ሰማህ? በል ድንኳኑ ይጫን፣ ዳገቱን ትውጣና ይዩ። እኔ ደግሞ ስንት ዘመን በሰው ድንኳን ቁጭ ብዬ የራሴን ሳላይ አልሞትም። ደጄ ላይ ትከሉልኝ።»

«ድንኳን የሚተከለው ለሞተ ነው እማማ። ሕግ አለ።»

«ተነፍቶልኛል! ጥሩምባ ከተነፋ በኋላ የሚመለስ ድንኳን የት አይተሃል?»

እዚህ ላይ የሕግ ሰው የሆነ ሁሉ ፈገግ አለ፤ እውነትም የእድሩ ደንብ ስለ ጥሩምባ እንጂ ስለ ሬሳ አይናገርም። ጋሽ ከድር ተሸነፉ፤ ግን በጎማው በኩል ዞሩ። «ያለ ጎማ በምን ትውጣ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «ገመድ ብቻ ነው የጎደለኝ» አልኩ።

ጠንካራ ገመድ አልተገኘም፤ የቀሩት የድንኳኑ ገመዶች ቀጫጭን ናቸው። የአንዱ ቀበቶ አጠረ፤ የሌላው ሻርፕ ተቀደደ። እማማ አልታዬ ከዘራቸውን ለወይዘሮ ጽጌ ሰጡና ከወገባቸው ላይ መቀነታቸውን ይፈቱ ጀመር። ዞረው ዞረው አያልቅም። ጠንካራ የሽማኔ ሥራ፣ ዳር እስከ ዳር ጥልፍ።

«ለቀብሬ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩት ነው። ዛሬ ለለቅሶ ስወጣ ሟቹ ይክበር ብዬ ታጠቅሁት። በል እሰር።»

ጎማውን ሦስት ጊዜ ጠመጠምኩት፣ ዱላ አስገብቼ አጠነከርኩት፣ ከንፈሩን ሳሙና ቀባሁ። ሰው ሁሉ ከበበኝ። ንፋሱን ከፈትኩ። በጎን ፉጨት… ፉጨት… ከዚያ ፉጨቱ ቀጠነና ቆመ። ጎማው አበጠ። መቀነቱ ተወጠረ። እጄን አነሣሁ፤ የከበቡኝ ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

ጧ!

ሁለት ሴቶች ከልማድ የተነሣ «ወይኔ!» አሉ። ጎማው ግን ቦታው ገብቷል።

የጥርሱ ቀስት ወደ ፊት መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቼ ገጠምኩት። ድንኳኑ፣ ብረቱ፣ አግዳሚው፣ ሁለቱ ብረት ድስቶች ተጫኑ። ጋሽ ወርቁ ኮፍያቸውን አስተካክለው ወጡ። ካፊያ ጀምሯል፤ ኮብልስቶኑ ያበራል። እኔ ከኋላ ጎማው ሥር የምከተው ድንጋይ ይዤ በእግሬ ተከተልኩ፤ ከእኔ ኋላ እድሩ በሙሉ። ፍጥነቷ ከቀብር ሰልፍ አይበልጥም፤ ላየን ሰው ሬሳው ብቻ ነው የጎደለን።

ድስቶቹ የተንከባለሉበት ቦታ ስንደርስ ጎማው በባዶ ዞረ። አንድ ክንድ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ድንጋዬን ከተትኩ።

«በቃ! በቃ፣ አየን!» አሉ ጋሽ ከድር።

ጋሽ ወርቁ አንገታቸውን አዙረው አዩኝ። አዲስ ጎማ፣ ሙሉ ጥርስ፣ ቀስቱ ትክክል። ለምን? ያኔ ገጽ አርባ አንድ ዓይኔ ላይ መጣ። ከንፈሩን ለማስነከስ የሞላሁትን ንፋስ አላጎደልኩም! ጎማዎቹ እንደ ኳስ ተወጥረው መሬቱን በመሃላቸው ብቻ ነው የሚነኩት።

«ማንም እንዳይነካት!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ከጥሩምባው ባያንስ አይደንቀኝም። ተንበርክኬ የቀኙን ቫልቭ ከፈትኩ።

«ኧረ ንፋሱን ሊያወጣው ነው!» አለ አንዱ።

«ተዉት» አሉ ጋሽ ወርቁ። «አንብቦታል።»

መለኪያዬን እያየሁ ቀኙን ከግማሽ በታች አወረድኩ፤ ግራውንም እኩል። ጎማዎቹ ዝቅ ብለው ድንጋዩን ሙሉ በሙሉ ረገጡት፤ ደላሎቹ ተነሥተው የሄዱ ሳይሆን ተመልሰው የተቀመጡ መሰለ። «አሁን» አልኩ። ጋሽ ወርቁ ቀስ ብለው ለቀቋት። ጥርሱ ነከሰ። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፣ እየተንፏቀቀች፣ እያጓራች፣ ሳትንሸራተት እማማ አልታዬ በር ላይ ደረሰች።

እጅ ይውጣ ሲባል መጀመሪያ የወጣው የጋሽ ከድር ነው። ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም።

ድንኳኑ ተተከለ። እማማ አልታዬ መሃል ተቀመጡ። ሰው ተራ በተራ እየተነሣ ደግነታቸውን ተናገረ፤ እሳቸው ደግሞ ያርሙ ነበር፤ «ያ በጋብቻዬ ዓመት አይደለም፣ ከዚያ በፊት ነው» እያሉ። መቀነቱን አጥቤ ልመልስ ስል ከለከሉኝ። የጎማው ጥቁር አሻራ ጥልፉ ላይ ቀርቷል። «ተወው፤ እሱ ነው የኔ ጥልፍ» አሉኝ።

ጋሽ ዘውዴ በሳምንቱ «ሳንባዬ ከኮምፕሬሰር ጋር አይወዳደርም» ብለው ሥራቸውን በክብር ለቀቁ። ጉባኤው ምትክ ሲመርጥ ከኋላ ያ የአራዳ ልጅ ስሜን ጠራ። ቀልድ ነበር። እጆች ሲወጡ ግን ቀልድ አልነበረም። እናም ይህንን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ዛሬ የሰፈሩ ጥሩምባ ነፊ እኔ ነኝ። ዝም ያለ ሰው ምንም አልተናገረም ብዬ አምን ነበር። አንገቴን ስደፋ ግን ሰው ሞቷል፤ ዝምታዬ ውስጥ ሌላው የፈለገውን ስም ጨመረበት። እናንተም እንደ እኔ ቃላችሁን መርጣችሁ እስክትጨርሱ በሩ ላይ የቆመው ሰው የሚሄድባችሁ ከሆነ፣ ቢያንስ «ቆይ» በሉ። አንድ ቃል ናት።

እማማ አልታዬ በዳገቱ ባለፍኩ ቁጥር በመስኮት ብቅ ይሉና «ዛሬስ ማን ነው? እኔ አይደለሁም አይደል?» ይሉኝ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት እሳቸው ሆኑ። ሦስት ጊዜ ነፋሁ፤ ስማቸውን እየጠራሁ፣ ጥርት አድርጌ፣ ማንም እንዳይሳሳት ሰፈሩን ዞርኩ። ሰው መጣ፣ ከገላንም ከየካ አባዶም። ደጃቸው ላይ ግን ያለቀሰ አልነበረም። ሁሉም ነጠላውን ይዞ በሩን እያየ ቆመ፤ ጋሽ ከድርም ቆሙ፤ እኔም። ተከፍቶ «ማን ነው የሞተው?» እስኪሉን ጠበቅን።

በሩ አልተከፈተም። ከታች የትራክተሯ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ወርቁ ድንኳኑን ጭነው ዳገቱን ይወጡ ነበር። ንፋሱን ጠዋት ለክቼዋለሁ። አልተንሸራተተችም።